ሊቀ ምሳሌ ቢያድግልኝ ሽማግሌ የሄዱ ዕለት

ሦስት ሐበሻ አንድ ጠረጴዛ ከከበበ ከሦስቱ አንዱ ምሳሌ ፈቺ መሆኑ አይቀርም። ዓለም ላይ እንዲሁ የተቀመጠ ነገር የለም ብሎ የሚያምን፣ ዝንብ ሻይ ውስጥ ብትገባ ዝንቧን ከማውጣቱ በፊት ትርጉሟን የሚያወጣ ሰው ማለት ነው። አዲስ አበባ ሞልቷል፣ ድሬዳዋም አይታጣም፤ ቶጎጫሌ ኬላ ላይ ተሰልፎ የሰልፉን ምሥጢር ከፊቱ ላለው ሰው የሚያስረዳም አለ። ለሐርጌሳ የደረሳት ግን የምርጥ ምርጡ ነው። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ቢያድግልኝ ሲሆን፣ ሕዝቡ በአክብሮት፣ አብሯቸው የሚኖረው ኢዩ ደግሞ በቅናት ሊቀ ምሳሌ ይሏቸዋል።

ሊቀ ምሳሌ በሙያቸው ቀለም ቀቢ ናቸው። ሳማታር የተባለ ከውጭ የተመለሰ ባለጸጋ አዲሱን ቪላውን እያሳየ «ሳሎኑን ነጭ አድርግልኝ» ቢላቸው፣ ሮለራቸውን መሬት አስቀምጠው «ነጭ ሲሉ የትኛውን ነው? የሙሽራ ነጭ አለ፣ የከፈን ነጭ አለ፣ ሰው የሚደብቀው ነገር ሲኖረው የሚቀባው ነጭም አለ» አሉት። ሰውየው ደንግጦ ሚስቱን ጠራ። ሚስቱ ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው። ሳሎኑ ክሬም ሆነ፤ ትዳሩም ከዚያን ቀን ወዲህ ክሬም እንደሆነ ነው ይባላል።

ሌላ ቀን ደግሞ ጅግጅጋ ያር የሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ዋናው መንገድ ላይ አንዲት ፍየል ካርቶን ስትበላ አይተው ቆሙ።

«ላዩን አትየው» አሉት ኢዩን። ይህቺ የዘወትር መክፈቻቸው ናት። «ይቺ ፍየል አይደለችም።»

«ምንድን ናት ታዲያ?»

«ስደተኛ ናት። ያገኘችውን ትበላለች፣ ያማራትን አትናገርም።»

ፍየሏ ይህን የሰማች ይመስል ካርቶኗን ጥላ አንዱ ሱቅ ገባችና የሩዝ ከረጢት ቀደደች። ለዚህም ትርጉም ነበራቸው።

ኢዩ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ከሊቀ ምሳሌ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ስለሚኖሩ ትርጉም ከቁርስ በፊትም ከእራት በኋላም ይቀርብለታል። ድሮ አይከፋውም ነበር። ሬዲዮ ክፍት ትቶ እንደመተኛት ለምዶት ነበር። መከራው የጀመረው መጽሐፉ የመጣ ጊዜ ነው።

መጽሐፉ አንድ የጅግጅጋ ሾፌር በኢስማዒል ሻይ ቤት ረስቶት የሄደ የወጣቶች ልብ ወለድ ነው። ኢስማዒል ሐርጌሳ ተወልዶ ድሬዳዋ ያደገ፣ አማርኛው ከሐበሾቹ የባሰ የሐበሻ የሆነ ሰው ነው። ዓርብ ሥራ ስለሌለ ሐበሾቹ ከሻይ ቤቱ ጓዳ ምንጣፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ እሱ ለጁምዓ ሰላት ሲሄድ የሻይ ፔርሙሱን ለእነሱ ትቶ በሩን መለስ ያደርግላቸዋል። በዚያች ጸጥ ባለች ሰዓት ሊቀ ምሳሌ መጽሐፉን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ልጅና አንዲት ልጅ ይዋደዳሉ። ከሁለቱ አንዳቸው በዋሹ ቁጥር በማግስቱ ልጁ በልጅቷ ገላ፣ ልጅቷ በልጁ ገላ ውስጥ ይነቃሉ። እሷ የእሱን ጢም ስትላጭ፣ እሱ የእሷን ጸጉር ለመሠራት ሲቀመጥ፣ ወጣት ስለሆኑም ውሸቱ ስለማያልቅ፣ መጽሐፉ ወፍራም ነው።

ኢስማዒል አንድ ዓርብ ከሰላት ቶሎ ተመልሶ ትንሽ አዳመጠና «አቦ፣ ይሄማ ጂኒ ነው» አለ። «አንድ ሼክ ቁርኣን ቢቀራባቸው በሁለተኛው ገጽ ያልቅ ነበር ወላሂ።»

«ላዩን አትየው ኢስማዒል» አሉ ሊቀ ምሳሌ።

ዋናው ነገር የመጣው ከጆሮው ጋር ነው። ልጁ አንድ ቀን በልጅቷ ገላ ሲነቃ ቀኝ ጆሮዋ የማይሰማ መሆኑን ያውቃል። ለማንም ነግራ አታውቅም። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ በቀኟ በኩል እየሄደ ነበር በሹክሹክታ «እወድሻለሁ» የሚላት።

ሊቀ ምሳሌ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ደፉት። «ጆሮው ጆሮ አይደለም» አሉ። «ሰው ማንነቱ ለማንም ያልነገረው ነገር ነው። ፍቅር ደግሞ እዚያ ሳይደርስ የቀረ ድምፅ ነው። እኛንስ ተመልከቱ። ኢዩ ግንባታ ላይ ዩሱፍ ነው። ጸደንያ ጠዋት ጸደንያ ሆና ትነሳለች፣ በር ላይ ጅልባቧን ስትለብስ ሰህራ ትሆናለች። በሰው ገላ ውለን ዓርብ ዓርብ ነው ወደ ራሳችን የምንመለሰው።»

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ከበደ «እሱስ ልክ ነው» አሉ። ጋሽ ከበደ የሚሉት ሌላ ነገር የለም።

አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው ጸደንያ ግን ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ባለፈው ገበያ ውስጥ አንዷ 'ጸደንያ' ብላ ብትጠራኝ አልዞርኩም» አለች። «ሌላ ሰው የጠራች ነው የመሰለኝ። ዘንቢሌን ይዤ ጥቂት ከሄድኩ በኋላ እኔው ነኝ ለካ ብዬ ቆምኩ።»

ይህንን ያለችው ወደ ሊቀ ምሳሌ ዞራ ነው። ኢዩ ልቡን ከጣለባት ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ ዓርብ ማታ እስከ አሠሪዎቿ በር ድረስ የሚሸኛት እሱ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ነግራው አታውቅም። እሱም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ሴራሚክ እንጂ ስለ ሌላ አንስቶ አያውቅም። ያን ዕለት ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ገብቶ ተቀመጠ፤ ተነሥ ቢሉትም እምቢ አለ።

ቅናት ሌላ ነገር አይደለም፤ በሰው ገላ ለመንቃት መመኘት ነው። ኢዩ በየጠዋቱ ሲነቃ መጀመሪያ የሚፈትሸው ምላሱን ሆነ፤ ያው የራሱ ምላስ ናት፣ ያቺው ሰነፍ። ያም ሆኖ ሞከረ። አንድ ዓርብ ሲሸኛት ሙዝ ገዝቶ አንዱን ሰጣትና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ጸዲ፣ ላዩን አትዪው። ይሄ ሙዝ ሙዝ አይደለም።»

«ምንድን ነው?»

ኢዩ አሰበ። አሕመድ ዳጋህ እስኪደርሱ አሰበ። «ፓስታ ላይ የሚበላ ነው» አለ በመጨረሻ። ለዚህ አገር ሰው ፓስታ ያለ ሙዝ ምግብ አይደለምና እውነት ተናገረ፤ ምሥጢር ግን አልወጣውም። ጸደንያ በሩን እስክትዘጋ ድረስ ሳቀች።

በሌላ ሳምንት መጽሐፉን ከሊቀ ምሳሌ ትራስ ሥር አውጥቶ የስሚንቶ ከረጢት ውስጥ ደበቀው። ዓርብ ሲደርስ ሊቀ ምሳሌ ባዶ እጃቸውን መጥተው የቀረውን በቃላቸው አወሩት። ከመጽሐፉ ይረዝም ነበር፣ ከመጽሐፉም ያሳዝን ነበር፤ ጸደንያ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ኢዩ በዓይኑ አየ። መጽሐፉን ዕለቱን አራግፎ ቦታው መለሰው። በመጽሐፍ ያሉ ሊቀ ምሳሌ ያለ መጽሐፍ ካሉት ሊቀ ምሳሌ ይሻላሉ።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር። ጸደንያ ሐርጌሳ ውስጥ ያለቻት ዘመድ እትዬ ይመኙሻል ናቸው፤ ሼክ ኑር ሰፈር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ምግብ እያበሰሉ ለሠራተኛ የሚሸጡ። የጸደንያ አባት በስልክ «የእኔን ቃል አንቺ ተናገሪ» ብለው አደራ ሰጥተዋቸዋል። እትዬ ይመኙሻልም ደንባቸው የታወቀ ነው፤ በዋትስአፕ ሽማግሌ አይቀበሉም፣ ከሦስት ያነሰ አይቀበሉም፣ ልጁ ራሱ በዚያ ቀን በዚያ ሰፈር ውሻ ሆኖ እንኳ እንዲታይ አይፈልጉም።

ለሽበቱ ጋሽ ከበደ ተገኙ። ለግርማ ሞገሱ ኢስማዒል እሺ አለ። «አቦ፣ በሱማሌኛ ቢሆን ብቻዬን እጨርስልህ ነበር» አለ፤ «በአማርኛ ግን እኔ መቀለድ እንጂ መለመን አላውቅም። ተናጋሪ ያስፈልጋል።»

«ማን አለ?» አለ ኢዩ፣ ማን እንዳለ እያወቀ።

«ቢያድግልኝ ነዋ።»

«እሱስ ልክ ነው» አሉ ጋሽ ከበደ።

ሰው ፍቅሩን በሌላ ሰው አፍ የሚልክበት ባህል ማን እንዳወጣው ኢዩ አያውቅም፤ ያወጣው ሰው ግን ከሊቀ ምሳሌ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነበር። ሌላ ተናጋሪ ፈለገ። አንዱ ይንተባተባል፣ አንዱ ከእትዬ ይመኙሻል ጋር በወጥ ተጣልቷል። ሲጨንቀው ሊቀ ምሳሌ ብሩሽ እያጠቡ ሳለ አጠገባቸው ቆመ።

«ሽማግሌ እንድትሄድልኝ ፈልጌ ነበር።»

«ለማን?»

«ለጸደንያ።»

ሊቀ ምሳሌ ብሩሹን ማጠባቸውን ቀጠሉ። ብሩሹ ጠራ፤ አሁንም አጠቡት። ኢዩ ትርጉሙ እስኪመጣ ጠበቀ። አልመጣም።

«እሺ» አሉ። «ኮትህን አውሰኝ። በቀለም ልብስ ሽምግልና አይኬድም።»

በቀጠሮው ቀን ሦስቱ ሽማግሌዎች ሼክ ኑር ሲገቡ፣ የኢዩ ብቸኛ ኮት ሊቀ ምሳሌ ላይ ሆኖ ከኢዩ ይልቅ አምሮባቸው ነበር። ባለቤቱ ግን ቤት መቀመጥ አልሆነለትም። በባጃጅ ተከትሏቸው ሄዶ ከእትዬ ይመኙሻል ቤት ጀርባ ቆርቆሮው ላይ ጆሮውን ለጠፈ። ሊቀ ምሳሌ ለራሳቸው ቢለምኑስ የሚለው ሐሳብ ነበር እግሩን ያመጣው። ቆርቆሮ ደግሞ ከዘመድ በላይ ይናገራል።

«ተቀመጡ እንጂ» ይላሉ እትዬ ይመኙሻል።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ የሊቀ ምሳሌ ድምፅ።

«ልጁ ምን ይሠራል?»

«ሴራሚክ» አለ ኢስማዒል። «እሱ ያነጠፈው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ውሃ ብታፈሺ እትዬ፣ ሳትነግሪው መውጫውን ያውቀዋል።»

«ጫት ይቅማል የሚባለውስ?»

«እሱስ ልክ ነው» አሉ ጋሽ ከበደ፣ እንደ ልማዳቸው።

ኢዩ ከቆርቆሮው ጀርባ ግንባሩን ያዘ። ኢስማዒል ሳል ፈጠረ። ከዚያ ሊቀ ምሳሌ ጀመሩ፤ የንባቡ ድምፅ አልነበረም፣ ዝቅ ያለ ነበር።

«እትዬ ይመኙሻል፣ ይህ ልጅ ንግግር አልተሰጠውም። እኔ አብሬው ስለምኖር የሚያየውን አውቃለሁ። ጸደንያ በቀኟ በኩል አታኝክም፤ ጥርሷን ያማታል። ሻይ ሲቀዳላት 'ትኩስ አልወድም' ብላ ታስቀምጠዋለች። ውሸቷን ነው፣ ትወዳለች፤ ጥርሷ ነው እምቢ የሚለው። ከአገር ቤት ስልክ ሲደወልላት ከማንሳቷ በፊት ሻሿን ታስተካክላለች፤ እናቷ የምታያት ይመስል። ስትጨርስ ደግሞ ስልኩን ዘግታ ትንሽ ጆሮዋ ላይ ታቆየዋለች። ኢዩ ይህን ሁሉ ያያል። አይናገርም እንጂ ያያል።»

ኢዩ መጀመሪያ ደስ አለው። ኢዩ የተባለው ሰው ጥሩ ሰው ነው፤ እሱ ራሱ ልጅ ቢኖረው ይድርለት ነበር። ቀጥሎ ግን ጭንቅላቱን ከቆርቆሮው አነሣ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱንም አይቶ አያውቅም። ታዲያ ያየው ማን ነው?

ቅናተኛ ሰው ጥርጣሬው እውነት ሆኖ ሲገኝ ቢያንስ ልክ ነበርኩ ብሎ ደስ ይለዋል ተብሎ ይታሰባል። ኢዩ ልክ ነበር። ከመጀመሪያው ዓርብ ጀምሮ ልክ ነበር። ሊቀ ምሳሌ ይወዷታል፤ ይህን የሚያይ የሚወድ ብቻ ነው። እነሆ አሁን ያጠራቀሙትን በሙሉ፣ ሻሿን፣ ስልኳን፣ ጥርሷን፣ የኢዩ ነው እያሉ ለእትዬ ይመኙሻል እያስረከቡ ነው፤ ለራሳቸው ምንም ሳያስቀሩ። በመጽሐፉ ሕግ ቢሆን ነገ ጠዋት አንዱ በአንዱ ገላ የሚነቁበት ውሸት ነበር። ኢዩ ይህንን ሲመኝ ከረመ፤ ሲመጣለት አልቻለም።

ዞሮ በሩን ከፍቶ ገባ።

ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ደረቁ። እትዬ ይመኙሻል ነጠላቸውን አጣፉ። «የሚዳረው ልጅ በራሱ ሽምግልና ላይ ሲገባ አይቼም ሰምቼም አላውቅ» አሉ። «አንተ ደግሞ ለማን ሽማግሌ ሆነህ ነው የመጣኸው?»

ኢዩ ጣቱን ወደ ሊቀ ምሳሌ ቀሰረ። «ለእሱ።»

«ኢዩ፣ ተው» አሉ ሊቀ ምሳሌ።

«አልተውም። እትዬ፣ የተናገረው ሁሉ የእሱ ነው። እኔ ጥርሷን አላየሁም። ስልኩንም አላየሁም። ያየው እሱ ነው። እኔ የማውቀው እሷን ካላየሁ ሴራሚክ እያጣመምኩ እንደማነጥፍ ብቻ ነው። ይሄ ደግሞ ለሽማግሌ የሚሰጥ ወሬ አይደለም።»

ኢስማዒል ሁለቱን አፈራርቆ አየ። «አቦ፣ መጽሐፉ ውስጥ ገባን» አለ በቀስታ። «ሼክ ልጥራ?»

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ውስጥ ሆና ስትሰማ የቆየችው ጸደንያ ወጣች። የምትታጭ ልጅም በዚህ ሰዓት አትወጣም፤ እትዬ ይመኙሻል ግን ደንብ መቁጠር ትተው ነበር።

«ጥርሴን ማን ነገረህ?» አለች ወደ ሊቀ ምሳሌ።

«ማንም አልነገረኝ።»

«አንተስ፣» ወደ ኢዩ ዞረች፣ «እውነት አላየህም?»

«አላየሁም።»

«ዓርብ ዓርብ ፊት ለፊቴ አይደለም እንዴ የምትቀመጠው? ምን ስታይ ነበር?»

ኢዩ ጫማውን አየ። «እሱን» አለ።

ጸደንያ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ ለጥርሷ አልተስማማትም። ጉንጯን ይዛ ቆየች። «ቢያድግልኝ፣ ስታነብ ደስ ይለኛል። እንዲህ ያየኝም ሰው የለም» አለች። «ግን ጥርሴን ካወቅህ ስንት ዓርብ ሆነህ? አንድ ቀን 'ጸዲ፣ አሞሻል ወይ?' አላልከኝም። ቁጭ ብለህ ጆሮው ጆሮ አይደለም ስትለን እኔ ጥርሴ ጥርስ ነበር።»

ኢዩ ለረጅም ጊዜ ሲጸልይ የነበረው ይህንኑ ነበር፤ ሊቀ ምሳሌ ባደባባይ አፋቸው ሲዘጋ ማየት። አየው። ደስ አላለውም፤ እንዲያውም ከአፉ የወጣው «ጸዲ፣ እንዲህ አትበዪው» የሚል ሆነ። ሁሉም ዞረው አዩት፤ እሱም ማን እንደተናገረ ለማወቅ ሊዞር ምንም አልቀረውም።

ከዚያ ሌላ ነገር አሰበና «ያመሻል አሁን?» አላት።

«ያመኛል።»

«የትኛው?»

አፏን ከፍታ አሳየችው። ኢዩ የተሰነጠቀ ሴራሚክ እንደሚፈትሽ ጎንበስ ብሎ አየ። «ይሄማ መነቀል አለበት» አለ። «ነገ እወስድሻለሁ። እሺ ብትይኝም እምቢ ብትይኝም እወስድሻለሁ።»

ጸደንያ ወደ እትዬ ይመኙሻል ዞረች። «እትዬ፣ ሽማግሌዎቹ ይቀመጡ።»

«የማን ሽማግሌዎች ሆነው ነው የሚቀመጡት?» አሉ እትዬ ይመኙሻል። «እኔ ጠፍቶብኛል።»

«የዚህ» አለች፣ ኢዩን በአገጯ እያመለከተች። «በሰው አፍ እንኳ መዋሸት ያልቻለው።»

«እሱስ ልክ ነው» አሉ ጋሽ ከበደ፣ ተቀመጡም።

በማግስቱ ሦስት ሆነው ሄዱ። ጥርስ ሐኪሟን ናዋልን የሚያውቃት ክሊኒኳን የቀባው ቢያድግልኝ ነበርና፣ ይዟቸው የሄደው እሱ ነው። እጇ ቀላል ነው አላቸው፤ ሌላ አልጨመረም። ጸደንያ ስትገባ ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። መሀላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር።

ከውስጥ ብረት ብረት ነካ፣ ጸደንያም «ወይኔ እናቴ» ስትል ተሰማ።

የሁለቱም ቀኝ እጅ እኩል ተነሥቶ ቀኝ ጉንጫቸውን ያዘ።

ተያዩ። ቢያድግልኝ እንደተያዘ ሌባ እጁን ቶሎ አወረደ። ያ ተነሥ ቢሉት እምቢ ብሎ የቆየው ነገር ኢዩ ሆድ ውስጥ ብድግ አለ፤ ኢዩም ለጥቂት ጊዜ እንዲቆም ተወው፤ ቢያድግልኝን እያየው፣ በግራ ጫማው ላይ የደረቀውን ነጭ ቀለም፣ እንቅልፍ ያላገኘውን ዓይኑን፣ ጭኑ ላይ ሆኖ የሚያደርገው የጠፋውን እጁን። ከዚያ ተንሸራቶ ክፍተቱን ዘጋውና አጠገቡ ተቀመጠ።

«ያዘው» አለው። «አይዞህ፣ ጉንጭህን ያዝ። እኔንም እያመመኝ ነው።»